ጥሬ ካሮት አፍ ሲያሳክክ፦ በዚያች ደቂቃና ከዚያ በኋላ የሚደረገው

ፍራንክፈርት በመጣሁ በአራተኛው ዓመት፣ ሁዳዴ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ጓደኛዬ ቤት በያይነቱ ቀረበ። ከእንጀራው ዳር ላይ ሰላጣ ነበር። በሰላጣው ላይ በቀጭኑ የተፈቀፈቀ ጥሬ ካሮት ተነስንሶበታል። ሁለት ጊዜ እንደጎረስኩ ከንፈሬን ነዘረኝ። ወዲያው ላንቃዬን አሳከከኝ። ማሳከኩ ጆሮዬ ውስጥ ድረስ ዘለቀ።

ካሮት ከልጅነቴ ጀምሮ የበላሁት ነገር ነው። እናቴ አልጫ ያለ ካሮት አትሠራም። ስለዚህ ካሮቱን ጨርሶ አልጠረጠርኩም። ሰው ፊት መትፋቱም አሳፈረኝና ዋጥኩት። «ምነው? አልጣፈጠም እንዴ?» ስባል ደግሞ ደግሜ ጎረስኩ።

ያን ቀን በግማሽ ሰዓት ውስጥ በራሱ ለቀቀኝ። እድለኛ ነበርኩ። ተመሳሳይ ነገር የሚደርስባቸው ብዙ ሰዎች አሉ። አብዛኛዎቹ «ቃሪያው ነው» ወይም «ሳይታጠብ ቀርቶ ነው» ብለው ያልፉታል። ከዚህ በታች ያለውን የጻፍኩት ለእነሱ ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቄዋለሁ። መጀመሪያ ማዕድ ላይ እያሉ የሚያደርጉትን፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ረጋ ብለው የሚሠሩትን ያገኛሉ።

1. ይትፉት

አፍዎ ውስጥ ያለውን ይትፉ። በሶፍት ይሁን፣ በእጅዎ ይሁን፣ ግድ የለም። የአሥር ሰከንድ ሀፍረት ነው። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጉመጥመጡ። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ካልታጠቡ ዓይንዎን አይንኩ። የዓይን ቆብ በደቂቃ ውስጥ ሊያብጥ ይችላል።

የበሉትን ለማስመለስ ጣትዎን ጉሮሮዎ ውስጥ አይክተቱ። «እስቲ እርግጠኛ ልሁን» ብለው ደግመው አይቅመሱ። እኔ ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው ጉርሻ ምን እንደሚያመጣ ከመጀመሪያው ጉርሻ ማወቅ አይቻልም።

2. ሰዓት ይመልከቱ፤ ብቻዎን አይሁኑ

ማሳከኩ የጀመረበትን ሰዓት ይያዙ። ለአጠገብዎ ሰው ይንገሩት። «አፌን እያሳከከኝ ነው፤ ለጥቂት ጊዜ እየኝ» ማለት ይበቃል። መታጠቢያ ቤት ገብተው በር አይዝጉ። ሰዎች ሳል ወይም ማስመለስ ሲመጣባቸው ሌሎችን ላለመረበሽ ተነሥተው ይሄዳሉ። ጉሮሮው የተዘጋ ሰው ከበሩ ጀርባ ሆኖ ሰው መጥራት አይችልም።

ከአንገት በላይ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም ከንፈር፣ ምላስና ላንቃ ካሳከከ፣ ምናልባትም ከንፈር ትንሽ ካበጠ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይለቃል። ሐኪም ያዘዘልዎት ወይም ከዚህ በፊት የተስማማዎት የአለርጂ ክኒን፣ ለምሳሌ ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን፣ ቤት ካለ መውሰድ ይችላሉ። ክኒኑ ማሳከኩን ያቀልላል። የተዘጋ ጉሮሮ ግን አይከፍትም። ይህ ልዩነት ሕይወት ያድናል።

3. ከአፍ አልፎ ከወረደ

ከሚከተሉት አንዱን ካዩ መጠበቅ አብቅቷል።

- ትንፋሽ ማጠር፣ የሚያፏጭ አተነፋፈስ፣ የማያቋርጥ ሳል
- ድምፅ መጎርነን፣ ምራቅ መዋጥ ማቃት፣ ጉሮሮ ታንቆ የመያዝ ስሜት
- የምላስ ማበጥ
- ድንገት መገርጣት፣ ማዞር፣ ራስን መሳት
- በሰውነት ላይ ሁሉ የወጣ ሽፍታ፣ ከማስመለስ ወይም ከኃይለኛ የሆድ ቁርጠት ጋር

ሐኪሞች ይህን አናፊላክሲስ ይሉታል። መድኃኒቱ አድሬናሊን ነው። እንደ ኤፒፔን ያለ ራስን የሚወጉበት ብዕር ካለ ወዲያው የጭን መሃል ላይ፣ በውጭ በኩል ይውጉ። ሱሪ ማውለቅ አያስፈልግም። ከዚያ አምቡላንስ ይጥሩ። በጀርመንና በአብዛኛው አውሮፓ 112፣ በአሜሪካ 911፣ በእስራኤል 101፣ በሳዑዲ 997፣ በኤምሬትስ 998 ነው። አዲስ አበባ ከሆኑ 939 ወይም የቀይ መስቀል 907 ይደውሉ።

ሰውየውን በጀርባው ያስተኙት፤ እግሩን ከፍ ያድርጉ። ካስመለሰው በጎኑ ይሁን። መተንፈስ ካቃተው እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥ። ተነሥቶ እንዲራመድ አይፍቀዱለት፤ ወደ መኪናም ቢሆን። የደም ግፊቱ በወረደበት ሰዓት ድንገት መቆም ልብ ሊያቆም ይችላል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለውና ሌላ ብዕር ካለ ይድገሙት። ቢሻለውም ሐኪም ቤት ይሂድ። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል እዚያ ይጠብቁታል።

በአገር ቤት ይህ ብዕር እንደልብ አይገኝም። አድሬናሊን ራሱ ግን ርካሽና የቆየ መድኃኒት ነው፤ ጤና ተቋማት ለመርፌ በሚሆን ትንሽ የብርጭቆ ብልቃጥ (አምፑል) ይይዙታል። ስለዚህ ትልቁ ሆስፒታል ይሻላል ብለው ቅርብ ያለውን ጤና ጣቢያ አልፈው አይሂዱ። በሩ ላይ እንደደረሱ «ምግብ በልቶ ጉሮሮው እየተዘጋ ነው፤ አለርጂ ነው» ይበሉ። ወረፋ አይያዙ።

እዚህ ላይ ስለ ቤት መድኃኒት አንድ ነገር ልበል። ጉሮሮ ሲያብጥ «እንጥሉ ወርዶ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እንጥል ማስቆረጥ በደህናውም ቀን ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል። በአለርጂ ላበጠ ጉሮሮ ደግሞ ጊዜ መግደል ነው። ከንፈር ሲያብጥ «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ታሽቶ ይቀባል። ምች ከንፈር ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል፤ ቀናት ይቆያል። ይኼኛው በደቂቃዎች መጥቶ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ይሄዳል። ደግሞም ዳማከሴ ራሱ ጥሬ ቅጠል ነው። ሰውነት በጥሬ አትክልት ተቆጥቶ ሳለ ጥሬ ቅጠል አይጨመርበትም።

4. ለምን እንደመጣ ይረዱ

ይህን ሳያውቁ የሚቀጥለውን መሥራት ያስቸግራል።

የኔ ጠላት መጀመሪያውኑ ካሮት አልነበረም። በርች የሚባል ነጭ ግንድ ያለው ዛፍ አለ፤ ጀርመኖቹ ቢርከ ይሉታል። ከማርች ማብቂያ እስከ ሜይ መጀመሪያ የአበባው ብናኝ ከተማውን ይሞላዋል። ጥቂት ጸደዮች ካለፉ በኋላ የሰውነቴ መከላከያ ያንን ብናኝ እንደ ጠላት መዘገበው። በብናኙ ውስጥ ቤት ቪ 1 የሚባል ፕሮቲን አለ። በካሮት ውስጥ ደግሞ ዳው ሲ 1 የሚባል መልኩ ከእሱ ጋር የሚመሳሰል ፕሮቲን አለ። ሰውነቴ ካሮቱን ያየው በዛፉ ዓይን ነው። ሐኪሞች ይህን የአፍ አለርጂ ይሉታል። ጥሬ ፖም፣ ኮክ፣ ሴለሪና ኪዊም በዚሁ መንገድ ይመጣሉ።

በኢትዮጵያ ለምን አልደረሰብኝም? በርች የለማ! ካሮቱም ይቀቀል ነበር። ይህ ዓይነት ፕሮቲን ሙቀት አይችልም። ሲበስል መልኩ ይፈርሳል፤ ሰውነትም አይለየውም። የእናቴን አልጫ ዛሬም እበላለሁ፤ ምንም አልሆንም።

የጾሙም ነገር አለበት። የሁዳዴ የመጨረሻ ሳምንታት ከበርች አበባ ጋር ይገጥማሉ። በዚያ ወቅት ጥሬ ሰላጣ ይበዛል፤ ሰውነት ደግሞ በብናኙ አስቀድሞ ተቆጥቷል። በክረምት ያለችግር የበሉት ካሮት በሚያዝያ ሊያስቸግርዎ የሚችለው ለዚህ ነው።

በአሜሪካ ላላችሁ ነገሩ ሌላም መልክ አለው። ራግዊድ የሚባለው አረም ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ያብባል። እሱ የያዘው ሰው ሐብሐብ፣ ኪያር፣ ዝኩኒና ሙዝ ያሳክከዋል። በአገራችን ቅንጬ አረም የምንለው ፓርቴኒየም የራግዊድ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ብናኙም አለርጂ ያመጣል። የአሪቲ ዘመድ የሆነው፣ ሙግዎርት የሚባለው የአውሮፓ መንገድ ዳር ተክል ደግሞ ከሴለሪ፣ ከካሮትና ከድንብላል ጋር ይያያዛል። የሣር ብናኝ ከቲማቲም ጋር። የላቴክስ ጓንት የሚያሳክካቸው ሰዎች አቮካዶና ሙዝ ላይ ይጠንቀቁ።

ከእነዚህ የተለየ፣ የበለጠ የምፈራው አንድ ዓይነት አለ። ኤልቲፒ የሚባል ፕሮቲን ነው። በጣሊያን፣ በስፔንና በሜዲትራኒያን ዙሪያ ይበዛል። በኮክ ልጣጭ፣ በቲማቲም፣ በሰላጣ ቅጠልና በጎመን ዓይነቶች ውስጥ አለ። ሙቀት አይበግረውም። ሆድ ውስጥም ቶሎ አይፈጭም፤ ስለዚህ መላ ሰውነትን ይይዛል። የተቀቀለውም ጥሬውም እኩል ካስቸገርዎ፣ ወይም አፍዎን ሳያሳክክዎት ሽፍታና ማዞር ከመጣ፣ ከዚህ በታች የምጽፈው «አብስለው ይብሉ» የሚለው ምክር ለእርስዎ አይደለም። ቀጥታ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

5. አለርጂ ያልሆነውን ይለዩ

አፍን የሚያሳክክ ሁሉ አለርጂ አይደለም። ጎደሬ ላጥቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቃል። ጎደሬ ሲላጥ እጅን፣ በደንብ ሳይበስል ሲበላ ደግሞ ጉሮሮን ያሳክካል። ይህ በውስጡ ያሉት እንደ መርፌ የሾሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ሥራ ነው። ማንኛውንም ሰው ያሳክካል። አናናስም ምላስን የሚቆጠቁጠው በራሱ ጭማቂ ነው። ቃሪያና ሚጥሚጣ ያቃጥላሉ እንጂ አያሳክኩም። ሕፃን ልጅ ቲማቲም በልቶ አፉ ዙሪያ ብቻ ቢቀላ ብዙ ጊዜ የአሲዱ ንክኪ ነው።

ጥያቄው ይህ ነው፦ ማዕዱ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ተሰምቶታል ወይስ እርስዎ ብቻ? እርስዎ ብቻ ከሆኑና በደቂቃዎች ውስጥ ከመጣ፣ አለርጂን ይጠርጥሩ።

6. ደብተር ይያዙ

ስልክዎ ላይ ቢሆንም ይሆናል። በዚያው ቀን ይጻፉ፤ ነገ ይረሳል። ምን በሉ? ጥሬ ነበር፣ ለብለብ ወይስ የበሰለ? ከነልጣጩ ነበር? ምን ያህል? በስንት ደቂቃ ጀመረ? የት ጀመረ፣ የት ቆመ? በስንት ደቂቃ ለቀቀ? ወሩስ?

ሰዎች የሚዘሉት አንድ ነገር አለ። በዚያን ሰዓት ሌላ ምን ነበር? ከምግቡ በኋላ ሮጠው ነበር? ቢራ ወይም ወይን ጠጥተው ነበር? አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን ውጠው ነበር? እንቅልፍ አጥተው ወይም ታመው ነበር? እነዚህ ቀላሉን ሕመም ወደ ከባድ ሊቀይሩት ይችላሉ። በተለይ ኤልቲፒ ያለበት ሰው ሰላጣ በልቶ ዝም ካለ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ሰላጣ በልቶ ኳስ ከተጫወተ ግን ሊወድቅ ይችላል።

እጅዎንም ይመዝግቡ። ጥሬ ድንች ወይም ካሮት ሲልጡ እጅዎን የሚበላዎት ወይም የሚያስነጥስዎት ከሆነ ለሐኪሙ ጥሩ ፍንጭ ነው።

7. ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ካሮቱን ይዘው ይሂዱ

የምሬን ነው። ለቆዳ ምርመራ ተዘጋጅቶ በጠርሙስ የሚመጣው የአትክልት ፈሳሽ ውስጥ እነዚህ ስስ ፕሮቲኖች ብዙ ጊዜ ጠፍተዋል። ስለዚህ ምርመራው «ምንም የለብዎትም» ሊል ይችላል። ዘዴው ቀላል ነው። ሐኪሙ መርፌዋን መጀመሪያ ጥሬው ካሮት ላይ ይወጋል፤ ቀጥሎ በስሱ ክንድዎ ላይ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይጠብቃሉ። ቦታው ትንኝ እንደነከሰው ካበጠ ምልክት ነው። ቀጠሮ ሲይዙ «ጥሬውን ላምጣ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። አትክልቱን በየፌስታሉ ለየብቻ ይያዙ። ይህን ምርመራ ቤትዎ ውስጥ አይሞክሩ።

የአለርጂ ክኒን ምርመራውን ያበላሻል። አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን አስቀድሞ ይቆማል፤ ቀኑን ግን ሐኪምዎ ይወስን። የደም ምርመራም አለ። ከቻሉ ቤት ቪ 1፣ ፕሮፊሊን (በብዙ ብናኝና አትክልት ውስጥ ያለ፣ ሙቀት የማይችል ሌላ ፕሮቲን) እና ኤልቲፒ ተለይተው እንዲታዩ ይጠይቁ። አብስለው መብላት ይችሉ እንደሆነ የሚነግርዎት ይህ መለየቱ ነው። አይጂጂ የሚባለውን የመቶ ምግብ ምርመራ ገንዘብ ከፍለው አያሠሩ። እሱ የሚያሳየው ምግቡን መብላትዎን ነው፤ አለርጂን አያሳይም።

አገር ቤት የአለርጂ ሐኪም ማግኘት ካስቸገረ የቆዳ ወይም የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ይጀምሩ። ደብተሩን ያሳዩ።

ከአፍ ያለፈ ነገር አንድ ጊዜ እንኳ ደርሶብዎት ከሆነ የአድሬናሊን ብዕር እንዲያዝልዎት ይጠይቁ። አፋቸውን ብቻ ከሚያሳክካቸው ሰዎች ውስጥ ጥቂቶቹ፣ ከመቶ አንድ ሁለቱ፣ ወደ ከባዱ ያልፋሉ። አስም ያለበት ሰው ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቅ።

8. ማድቤት ውስጥ

ሁሉንም አትክልት አይተዉ። ብዙ ሰው ከድንጋጤ የተነሣ ካሮቱንም ጎመኑንም ቲማቲሙንም ጥሎ በዳቦ ይቀራል። ያሳከከዎትን ብቻ፣ ያሳከከዎት መልኩን ብቻ ይተዉ።

በርች ለያዘው ሰው የአገራችን ማድቤት ምቹ ነው። አልጫ፣ የጾም ጎመን፣ ስልስ፣ ሁሉም በደንብ ይበስላሉ። ጥሬ ቲማቲም ካሳከከዎት ስልስ ይበላል፤ የቲማቲም ፍትፍት ይተዋል። ስንግ ውስጡ ጥሬ ሽንኩርትና ቲማቲም ነው፤ ይለፉት። ለብለብ ላይ ይጠንቀቁ። ዳሩ ሞቆ መሃሉ ጥሬ የሆነ ካሮት ጥሬ ነው። ሹካ ሲነካው እስኪፈርስ ይቀቀል። ማድረቅ እንደ ማብሰል አይቆጠርም።

ሴለሪ ከሕጉ ውጭ ነው። በውስጡ ሙቀት የሚችል ፕሮቲንም አለ፤ ሾርባ ውስጥ ለሰዓት ቢፈላም ሊያስቸግር ይችላል። በሾርባ ኪዩብና በተዘጋጁ ቅመሞች ውስጥ ተደብቆ ይገባል። በአውሮፓ ኅብረት ሴለሪ በማሸጊያ ላይ ግዴታ ከሚጻፉት 14 አለርጂ አምጪዎች አንዱ ነው፤ ጎላ ብሎ ይጻፋል። በአሜሪካ ግዴታ የሚጻፉት 9 ናቸው፤ ሴለሪ ከእነሱ ውስጥ የለም። «ቅመም» በሚል አንድ ቃል ሊጠቃለል ስለሚችል አምራቹን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጁስ ላይ ቆም ይበሉ። አንድ ብርጭቆ የካሮት ወይም የሴለሪ ጁስ ማለት ብዙ ጥሬ አትክልት በአንድ ትንፋሽ መዋጥ ነው። አፍ አስጠንቅቆ ሳይጨርስ ሆድ ይደርሳል። ጁስ ቤት ደግሞ ማሽኑ ሳይለቀለቅ ከአንዱ አትክልት ወደ ሌላው ይሄዳል። ታጥቦ እንዲሠራልዎ ይጠይቁ።

የጾም ማኪያቶ የምትወዱም ልብ በሉ። የአኩሪ አተር ወተት ከበርች ብናኝ ጋር የሚመሳሰል ፕሮቲን አለው። በርች የያዛቸው ሰዎች፣ በተለይ ብዙ ሲጠጡ፣ በጣም ታመው ያውቃሉ። ካሮት ካሳከከዎት አኩሪ አተሩን ሳይመረመሩ በብርጭቆ አይጠጡ።

ሲልጡ ጓንት ያድርጉ፤ ላቴክስ ያልሆነውን ይምረጡ። የመፈቅፈቂያውና የመክተፊያው ሰሌዳ ለየብቻ ቢሆን ጥሩ ነው።

9. ሰው ቤትና ምግብ ቤት

ይህ ለኛ ሰው ከሁሉም የከበደው ነው። «አልወድም» ካሉ «ትንሽ ቅመሽ እንጂ!» ይመጣል። «አልበላም» ካሉ የቤቱ እመቤት ትቀየማለች። ስለዚህ ከመቀመጥዎ በፊት፣ እንጀራው ሳይቀርብ ይናገሩ። እኔ እንዲህ ነው የምለው፦ «እትዬ፣ ጥሬ ካሮት ጉሮሮዬን ይይዘኛል፤ ሐኪም ከልክሎኛል። የተቀቀለውን ግን ይጨምሩልኝ።» የሚበላውንም ካነሡ ማንም አይከፋም። ሳህንዎ በአልጫ ይሞላል።

በያይነቱ ላይ የሰላጣው ውሃ ወደ እንጀራው ይገባል። ሰላጣውን ወደ ጎን መግፋት አይበቃም፤ ከሥሩ ያለው እንጀራ ጠጥቶታል። ምግብ ቤት ከሆኑ ሲያዝዙ «ሰላጣው ለብቻ በሳህን ይሁን» ይበሉ። ጉርሻም እንዲሁ ነው። ያጎረሰዎት እጅ ሰላጣ ጠቅልሎ የመጣ ሊሆን ይችላል። ጉርሻ ከመቀበልዎ በፊት ምን እንዳለበት መጠየቅ ነውር አይደለም።

ብዕር ካለዎት ማዕድ ላይ ለሚቀመጥ አንድ ሰው የት እንዳለ ያሳዩት። ቦርሳ ውስጥ ይሁን፤ መኪና ውስጥ ሙቀት ያበላሸዋል።

ጓደኛዬ ቤት ዛሬም በሁዳዴ እንሰበሰባለን። ሰላጣው አሁን በራሱ ጎድጓዳ ሳህን ነው የሚቀርበው፤ ከጠረጴዛው በወዲያኛው ጫፍ። ካሮቱ አልጫው ውስጥ ነው።